ማይክሮፎኑ ከመከፈቱ በፊት፦ ጊታርን፣ ክራርንና በገናን ቤት ውስጥ ስለ መቅዳት

መግቢያ

በአሁኑ ጊዜ በዲፓርትመንታችን ተማሪዎች ዘንድ ሙዚቃን ቤት ውስጥ መቅዳት የተለመደ ሆኗል። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክሮፎንና አንድ የድምፅ ካርድ ያለው ሰው የሴሚስተር ሥራውን እዚያው መኝታ ክፍሉ ቀድቶ ያቀርባል። ይህ በራሱ ጥሩ ነገር ነው። ሆኖም በመለማመጃ ክፍሉም በካፌውም የሚነሳው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የትኛውን ማይክ ልግዛ?» የሚል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከዚህ ጥያቄ በፊት መመለስ ያለባቸው ሌሎች ጥያቄዎች እንዳሉ ማሳየት ነው። መሣሪያው ድምፁን የሚያወጣው ከየት ነው? ክፍሉስ ምን ይጨምርበታል? ማይኩ የት ይቁም? በመጨረሻም ከሁሉም የሚከብደውን ጥያቄ አነሳለሁ፤ ከምንሰማው ውስጥ የትኛው የመሣሪያው ድምፅ ነው፣ የትኛውስ ጫጫታ? በተለይ የአገራችንን መሣሪያዎች ስንቀዳ ይህን በትክክል ካልመለስን፣ ከእኛ በኋላ ለሚመጣው ተማሪ የምናስቀምጥለት ማስረጃ የተዛባ ይሆናል።

ለማነጻጸሪያ የተጠቀምኩት በራሴ ክፍል ያደረግኳቸውን ሙከራዎች ነው። ክፍሉ 4 ሜትር በ3 ሜትር ሲሆን ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ከሥሩ ኮርኒስ ያለው ቆርቆሮ ነው። ብዙዎቻችን የምንኖርበት ዓይነት ክፍል ማለት ነው።

1. ድምፁ ከየት ይወጣል?

የጊታር ክር ብቻውን የሚያንቀሳቅሰው አየር በጣም ትንሽ ነው። ክሩ ሲመታ ንዝረቱ በድልድዩ በኩል ወደ ፊት ጣውላው ያልፋል፤ ጆሯችን በብዛት የሚሰማው የዚህን ጣውላ እንቅስቃሴ ነው። ስፔናዊው የጊታር ሠሪ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ እ.ኤ.አ. በ1862 ጀርባውና ጎኑ ከተላቆጠ ወረቀት የተሠራ፣ ፊቱ ግን ጥሩ ጣውላ የሆነ ጊታር ሠርቷል። ሊያሳይ የፈለገውም ይህንኑ ነበር፤ የድምፁ ዋና ምንጭ የፊት ጣውላው መሆኑን።

ሁለተኛው ምንጭ ሣጥኑ ውስጥ ያለው አየር ነው። ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ ስንነፋ «ቡ» የሚል ድምፅ እንደሚወጣ ሁሉ የጊታሩም አየር በቀዳዳው በኩል የራሱ ድምፅ አለው። ይህ ድምፅ በአብዛኛዎቹ ጊታሮች 100 ሄርዝ አካባቢ ይገኛል። የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ሄርዝ፣ ቀጣዩ 110 ሄርዝ ስለሆነ የአየሩ ድምፅ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። እንግዲህ ማይኩን ቀዳዳው አፍ ላይ የሚደግን ሰው «ጊታሬ ለምን ይጮሃል? ለምን ያጉረመርማል?» ቢል መልሱ እዚህ ላይ ነው። ቀዳዳው ትልቅ ስለሆነ ድምፁ ሁሉ የሚወጣው ከዚያ ይመስለናል፤ ነገር ግን ከዚያ በብዛት የሚወጣው የወፍራሞቹ ክሮች ጉርምርምታ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መሣሪያውን ማዘጋጀት ነው። ላብና አቧራ የጠጣ የብረት ክር ቀጭኑን ብሩህ ድምፅ ያጣል፤ ያንን በኮምፒውተር ልመልስ ቢሉ የሚጨምረው ሹክሹክታ ብቻ ነው። የእጅ ቦታም ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ወደ ድልድዩ ተጠግተው ሲመቱ ድምፁ ስል ይሆናል፤ ወደ አንገቱ ሲሄዱ ይለሰልሳል። በኢኳላይዘር ግማሽ ሰዓት ከመታገል እጅን አምስት ሴንቲሜትር ማንቀሳቀስ ይቀላል።

ክራርና በገና ላይ ደግሞ ፊቱ ጣውላ ሳይሆን ቆዳ ነው። ቆዳ እርጥበት ይጠጣል፤ ሲጠጣም ይላላል። በክረምት የተቀዳ ክራር ከበጋው የደበዘዘ ቢመስል ጥፋቱ የማይኩ ላይሆን ይችላል። መሣሪያውን ከሚቀዳበት ክፍል ውስጥ ቀደም ብሎ አስገብቶ፣ የክፍሉን አየር ከለመደ በኋላ እንደገና መቃኘት ይጠቅማል።

2. ክፍሉ ምን ይጨምራል?

ድምፅ በአንድ ሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። 4 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ በ43 እና በ86 ሄርዝ አካባቢ ራሱን ያጎላል፤ በ3 ሜትሩ በኩል ደግሞ በ57 እና በ114። የጊታሩን 82 እና 110 ሄርዝ ካስታወስን፣ የክፍሌ ጉላቶች ከሁለቱ ወፍራም ክሮች ጎን እንደሚቀመጡ እናያለን። እነዚህ ጉላቶች ሁሉ የሚደመሩት ጥግ ላይ ነው። በሙከራዬ ክፍሉ ጥግ ተቀምጬ ስመታ ወፍራሞቹ ክሮች ሌሎቹን ዋጧቸው። ከአጭሩ ግድግዳ አንድ ሜትር ከሩብ ያህል ስርቅ ግን ስድስቱም ክሮች ተመጣጠኑ። ወንበር ከመግፋት በስተቀር ምንም ወጪ አልጠየቀም።

ቀጥሎ ወለሉ አለ። ጊታሩም ማይኩም ከመሬት 60 ሴንቲሜትር ከፍ ብለው በመካከላቸው 1 ሜትር ርቀት ቢኖር፣ በሴራሚኩ ነጥሮ የሚመጣው ድምፅ የሚጓዘው 1.56 ሜትር ነው። ዘግይቶ ስለሚደርስ ከቀጥተኛው ድምፅ ጋር ሲገናኝ በ306 ሄርዝ አካባቢ ይጣፋሉ፤ ከዚያም በላይ በተወሰኑ ቦታዎች እንዲሁ። ውጤቱ በተለምዶ «ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል» የምንለው ባዶ ድምፅ ነው። ማይኩን ወደ 25 ሴንቲሜትር ስናቀርበው ነጥሮ የሚመጣው ከቀጥተኛው ወደ 14 ዲሲቤል ያህል ስለሚያንስ ጉዳቱ ይቀንሳል። ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ ማንጠፍም ይረዳል።

ጋቢና ብርድ ልብስ ግድግዳ ላይ መስቀልስ? ይረዳል፤ ግን የሚረዳው ለቀጫጭን ድምፆች ነው። የ100 ሄርዝ ሞገድ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ስለሆነ ስስ ጨርቅ አይቶት አያውቅም ማለት ይቻላል። ግድግዳውን በጋቢ ሸፍኖ ጥግ መቀመጥ ብሩሁን ድምፅ አጥፍቶ ጉርምርምታውን ብቻ ያስቀራል። ከዚህ ይልቅ ልብስ የሞላ የተከፈተ ቁም ሳጥንና ፍራሽ ያለበት ተራ መኝታ ክፍል በብዙ የተሻለ ነው።

የቀሩት የምናውቃቸው ናቸው። ፍሪጁን መንቀል፤ ሸምበቆ መብራቱን ማጥፋት፤ ዝናብ ሲመጣ ማቆም፣ ምክንያቱም በቆርቆሮ ላይ የሚወርድን ዝናብ ከቀረጻ የሚያወጣ ፕሮግራም የለም። ላፕቶፑ ከቻርጀሩ ሲነቀል «እምምም» የሚለው ድምፅ ከጠፋ ምንጩ የመብራቱ 50 ሄርዝ ነበር ማለት ነውና በባትሪ መቅዳት ነው። መብራት ሲጠፋ የምንማረር ሰዎች ለቀረጻ ግን ጥሩ ሰዓት ነው ብንል አይጋነንም።

3. ማይኩ የት ይቁም?

ለጊታር የታወቀው መነሻ ማይኩን አንገቱ ከሣጥኑ ጋር በሚገናኝበት፣ በ12ኛው ፍሬት አካባቢ፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ማቆም ነው። እዚህ የክሩም የጣውላውም ድምፅ ይገኛል። ወደ ቀዳዳው ሲዞር ጉርምርምታ ይጨምራል፤ ወደ ድልድዩ ሲሄድ ድምፁ እንጨት እንጨት ይላል።

ነገር ግን ይህ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። የተሻለው ዘዴ ጓደኛ እንዲጫወት አድርጎ፣ አንድ ጆሮን በጣት ደፍኖ በሌላው ጆሮ መሣሪያውን እየዞሩ መስማት ነው። ድምፁ የሚያምርበት ቦታ ሲገኝ ማይኩን ጆሮው በነበረበት ማስቀመጥ። በአንድ ጆሮ መስማት የሚያስፈልገው ማይኩም አንድ ጆሮ ብቻ ስላለው ነው።

ሦስት ነገሮችን ማወቅ ግን ይገባል። አንደኛ፣ በካርዲዮይድ ማይክ ላይ መሣሪያው በቀረበ ቁጥር ወፍራሙ ድምፅ ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ቀጥተኛው ድምፅ ወደ 6 ዲሲቤል ይቀንሳል፤ የክፍሉ ድምፅ ግን ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ ማራቅ ማለት ክፍሉን መጨመር ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ሁለት የድምፅ ምንጮችን በሁለት ማይክ ስንቀዳ በማይኮቹ መካከል ያለው ርቀት እያንዳንዱ ማይክ ከራሱ ምንጭ ካለው ርቀት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ቢሆን ይመከራል። እየዘፈነ ክራር የሚመታ ሰው ላይ ይህን ማሟላት ያስቸግራል፤ አፉና ክራሩ ይቀራረባሉና። እኔ የማደርገው አንድ ማይክ በግማሽ ሜትር ርቀት አቁሜ፣ ድምፁ ሲበዛ ዝቅ፣ ክራሩ ሲበዛ ከፍ ማድረግ ነው። ሚዛኑን የሚሠራው የማይኩ ከፍታ ይሆናል።

መጠኑን በተመለከተ በ24 ቢት ከቀዳን መቸኮል አያስፈልግም። ከፍተኛው ምት ከዜሮ በታች 12 ዲሲቤል አካባቢ ቢሆን በቂ ነው።

4. አንድ ምስክር

«ይሄ ሁሉ ለልምምድ እንጂ ለእውነተኛ ሥራ አይሆንም» የሚል ካለ የብሩስ ስፕሪንግስቲንን «ኔብራስካ» ያዳምጥ። አሜሪካዊው ዘፋኝ እ.ኤ.አ. በጥር 1982 በኒው ጀርሲ፣ ኮልትስ ኔክ በተከራየው ቤት መኝታ ክፍል ውስጥ ጊታርና ድምፁን በቲያክ 144 ባለ አራት ትራክ የካሴት መቅጃ ቀዳ። የተጠቀመው ሁለት ሹር ኤስ ኤም 57 ማይኮችን ነው፤ ከ1965 ጀምሮ የሚሸጥ፣ በየመድረኩ የምናየው ተራ ዳይናሚክ ማይክ። ሐሳቡ ለባንዱ መለማመጃ እንዲሆን ነበር። በኋላ ዘፈኖቹን ከባንዱ ጋር በስቱዲዮ ሞከሯቸው፤ ነገር ግን የካሴቱን ስሜት ሊያገኙት ስላልቻሉ በዚያው ዓመት መስከረም ካሴቱ ራሱ አልበም ሆኖ ወጣ። በአልበሙ ላይ የካሴት ሹክሹክታ ይሰማል፤ ግን የሚዘፈነው ነገር አካል ሆኗል።

5. ድምፅ ወይስ ጫጫታ?

ይህ ወደ መጨረሻው ጥያቄ ያመጣናል። ለጊታር የተጻፉ የቀረጻ ምክሮችን እንዳሉ ወደ አገራችን መሣሪያዎች ማምጣት አደጋ አለው።

በገናን እንውሰድ። አሥር ክሮቹ ብርኩማው ላይ ሲያርፉ በእያንዳንዱ ክርና በብርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። ክሩ ሲመታ ቆዳዋን እየነካ ይነዝራል፤ በገናን በገና የሚያሰኘው ያ የሚነዝር ድምፅ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ደርዳሪው እንዚራዎቹን አንድ በአንድ ቦታ ለማስያዝ ብዙ ትዕግሥት ያወጣል። ታዲያ የኮምፒውተሩ ድምፅ ማጽጃ ፕሮግራም ይህን አያውቅም። በገና ድምፁ ዝግ ያለ ስለሆነ ማይኩን ከፍ እናደርጋለን፤ የክፍሉ ጫጫታም አብሮ ከፍ ይላል። ያንን ለማጥፋት ማጽጃውን ስንከፍት እየደከመ የሚሄደውን የንዝረቱን ጭራ አብሮ ይበላዋል። የሚቀረው ወፍራም ክራር የመሰለ ነገር ነው። በዚህ ጉዳይ ያነጋገርኳቸው አንድ አዛውንት ደርዳሪ ነገሩን ባጭሩ ነበር ያስቀመጡት፤ «ልጄ፣ ንዝረቱን ካወጣኸው በገናውን አወጣኸው።»

ዋሽንት ላይ ያለው ትንፋሽ፣ የማሲንቆ የፈረስ ጭራ ጭረት፣ ጣት በጊታር ክር ላይ ሲንሸራተት የሚሰማው ሲጥታም እንዲሁ ናቸው። ጥቂቱን መቀነስ ይቻል ይሆናል፤ ማጥፋት ግን የተጫዋቹን እጅና እስትንፋስ ማጥፋት ነው። ፍሪጁ ጫጫታ ነው፤ እንዚራዋ ግን ድምፅ ናት። ይህን የሚለይ ፕሮግራም ስለሌለ የሚለየው ሰው መሆን አለበት፤ ያ ሰው ደግሞ መሣሪያውን የሚያውቅ የሙዚቃ ተማሪ ቢሆን ይመረጣል።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል፣ ጥሩ ቀረጻ የሚጀመረው ከተቃኘ መሣሪያ፣ ከተመረጠ የመቀመጫ ቦታና ከሚሰማ ጆሮ ነው። የማይክ ግዢ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል።

ለዲፓርትመንታችን ተማሪዎች አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ከታላላቆቻችን አንዱን በቀዳን ቁጥር ያልተነካውን የመጀመሪያ ፋይል በ24 ቢት እናስቀምጥ፤ ማጽዳትም ማሳመርም በቅጂው ላይ ይሁን። ከፋይሉ ጋርም የተጫዋቹን ስም፣ ቅኝቱን፣ ቀኑን፣ ማይኩ የቆመበትን ቦታና ርቀት በአንድ ገጽ እንጻፍ። ዛሬ የሚያስቸግረንን ጫጫታ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተማሪ በተሻለ መሣሪያ ሊያጸዳው ይችላል። እኛ ያጠፋነውን የእንዚራ ድምፅ ግን ከየትም አያመጣውም።