በስልክ የሚደርሰን ግጥምና ባለቤቱ

ዛሬ ወጣት ገጣሚ ሥራውን ለማውጣት የግድ ማተሚያ ቤት ደጅ አይጠናም። ግጥሙን ስልኩ ላይ ይጽፋል፤ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ይለቀዋል፤ አንባቢውም እዚያው ያገኘዋል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ግጥሙ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይጠፋበታል፤ ይኸውም የስንኙ አደራደርና የጸሐፊው ስም ነው። ነገ ያንን ግጥም ሰሌዳ ላይ የምንጽፈው እኛው ስለሆንን ጉዳዩ ይመለከተናል። በሦስት ክፍል እንየው።

ሀ. ስለ መጻፍ

የአማርኛ ስንኝ የሚለካው በቀለም ነው። የሚቆጠረውም ፊደሉ ሳይሆን ድምፁ ነው። በወል ቤት አንዱ ስንኝ ሁለት ሐረግ አለው፤ እያንዳንዱ ሐረግ 6 ቀለም ይይዛል። ለዚህ ትምህርት ያዘጋጀናቸውን ሁለት ስንኞች እንመልከት፦

በስልክ የመጣው ቃል ባለቤት የለውም፤
ስም ካልተጻፈበት ማንም አያውቀውም።

«በስልክ የመጣው ቃል» 10 ፊደል አለው፤ በ/ስልክ/የ/መ/ጣው/ቃል ተብሎ ሲነበብ ግን 6 ቀለም ነው። ቤት የሚመታው በየስንኙ መጨረሻ ነው። ታዲያ አንድ ሰው ቀድቶ ሲልከው መስመሩን አያይዞ እንደ ዝርው ቢደረድረውስ? ቤቱ መሐል ገብቶ ይቀበራል፤ አንባቢውም «ይሄ ደግሞ ምኑ ግጥም ነው?» ይላል። ቤት በማይመታ ግጥም ጉዳቱ ይብሳል፤ የገጣሚውን አሰባበር መልሶ ለማግኘት የሚረዳ ምልክት የለምና።

ለ. ስለ ማውጣት

ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በፊት በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት ብዙ ጊዜ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ ያ ችግር ቀሏል። ሆኖም ግጥሙን በፎቶ ብቻ የሚለቅ ሰው ይህን ጥቅም ያጣዋል፤ በፎቶ ያለ ጽሑፍ በቃል ተፈልጎ ለመገኘት ያስቸግራል። ስለዚህ በጽሑፍ እናውጣው፤ ከግርጌውም ስማችንንና ቀኑን እንጻፍ።

ለመጽሔት የተላከ ግጥም ከመውጣቱ በፊት አዘጋጅ ያየዋል። በስልክ ላይ ግን አዘጋጁ ራሱ ገጣሚው ነው። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንዲሉ፣ የተለቀቀ ግጥም እኛ ብናጠፋው እንኳ በሰው ስልክ ይቀራል። እንግዲያው መጀመሪያ ለጓደኛ ጮክ ብለን እናንብብለት፤ አንድ ሌሊትም እናሳድረው።

ሐ. ስለ መከታተል

ስም የሌለው ግጥም ብቻ ሳይሆን፣ የሰው ስም የተለጠፈበት ግጥምም ይመጣል። ጸጋዬ ገብረ መድኅንን እንውሰድ። «እሳት ወይ አበባ» የተባለው የግጥም መድበሉ በ1966 ዓ.ም. ታትሟል፤ ገጣሚው ያረፈው በ1998 ዓ.ም. ነው። ቴሌግራም የተጀመረው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ቴሌግራምን የሚያነሳ ግጥም በጸጋዬ ስም ቢደርሰን የእሱ ሊሆን አይችልም። ሁሉም እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ግን መንገዱ ያው ነው፦ በሕይወት ያለ ገጣሚ ከሆነ የራሱን ገጽ፣ ያረፈ ከሆነ መጽሐፉን ማየት።

ሕጉም ከዚህ ጋር ይስማማል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲ በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠቀስለት መብት ይሰጠዋል። በስልክ መምጣቱ ይህንን መብት አያስቀርም።

ተማሪ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ያምናል። በተሳሳተ ስም ያስተማርነው ግጥም በ40 ደብተር ላይ ይሰፍራል፤ ከዚያ ማን ይሰበስበዋል?

መልመጃ

1. በዚህ ሳምንት በስልካችሁ የደረሳችሁን አንድ ግጥም ምረጡ። ጸሐፊው ማን ነው? በምን አረጋገጣችሁ?
2. የሁለት ስንኞቹን ቀለም ቁጠሩ። መስመሩ የተሰበረው በትክክለኛው ቦታ ነው?
3. ባለቤቱን ካጣችሁት «ገጣሚው ያልታወቀ» ብላችሁ ጻፉ። በግምት የማንንም ስም አትለጥፉ።