የነርስ ተማሪዎች ውፍረትና የመቀነሻው ሥርዓት

ነርስነት ለመማር ወደ ትምህርት ቤት የሚገቡት ወጣቶች አብዛኛዎቹ ጤናሞችና ቀልጣፎች ናቸው። ይሁን እንጂ አንድ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ ልብሳቸው ሲጠባቸው፣ ደረጃ ሲወጡም ትንፋሻቸው ሲያጥር ይታያል። ለዕረፍት ወደ ቤታቸው በተመለሱ ጊዜ ዘመድና ጎረቤት «ተመችቶሻል ማለት ነው፤ ወፈርሽ» እያለ በደስታ ይቀበላቸዋል። ረኃብን በሚያውቅ አገር ውፍረት የምቾትና የጤና ምልክት ተደርጎ መቈጠሩ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን የተማሪዋ ውፍረት የመጣው ከምቾት ሳይሆን ከድካም፣ ከእንቅልፍ ማጣትና ሥርዓት ካጣ ምግብ ሊሆን ይችላል። የዚህ ወር ትምህርታችን ይህንኑ የሚመለከት ነው።

ነገሩ የነርሶች ብቻ ነው ተብሎ እንዳይታለፍ አንባቢዎቻችንን እናሳስባለን። ልጆችን አስተምሮ ወደ ነርሶች ትምህርት ቤት የሚልከው መምህሩ ነው። ደግሞም ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውለው ጸሐፊ፣ በሱቁ ሻይ እያከታተለ የሚጠጣው ነጋዴ፣ ሌሊቱን ነቅቶ የሚያድረው ዘበኛ ከነርስ ተማሪዋ ጋር አንድ ዓይነት ፈተና አለባቸው።

፩፤ ውፍረት በምን ይታወቃል?

ውፍረት በዓይን ግምት አይለካም። ቤልጂጋዊው ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1832 ዓ.ም. የጐልማሳ ሰው ክብደት ከቁመቱ ካሬ ጋር እንደሚሄድ አመለከተ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት መለኪያ ከዚህ የመጣ ነው። አሠራሩም ቀላል ነው፤ የሰውዬው ክብደት በኪሎ ግራም ተመዝኖ፣ በሜትር የተለካው ቁመት በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ቍጥር ይካፈላል።

ለምሳሌ ቁመቷ 1.60 ሜትር የሆነ አንዲት ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት ስትገባ 52 ኪሎ ትመዝን ነበር እንበል። 1.60 በ1.60 ሲባዛ 2.56 ነው፤ 52 ለ2.56 ሲካፈል 20.3 ይሆናል። ትምህርቷን ስትጨርስ 66 ኪሎ ብትመዝን ግን ውጤቱ 25.8 ይሆናል። ለጐልማሳ ሰው ከ18.5 እስከ 24.9 ድረስ ያለው ጤናማ ነው፤ ከ18.5 በታች ክሳት፣ ከ25 ጀምሮ የክብደት መብዛት፣ ከ30 ጀምሮ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። እንግዲህ ተማሪያችን ከጤናማው ወሰን በጥቂቱ አልፋለች ማለት ነው።

ይህ መለኪያ ለነፍሰ ጡር ሴትና ጡንቻው ለዳበረ ስፖርተኛ አይስማማም። ስለዚህ የወገብ ልክ ቢጨመርበት መልካም ነው። የሴት ወገብ ከ80 ሳንቲ ሜትር፣ የወንድ ወገብ ከ94 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ በሆድ ውስጥ የተጠራቀመው ስብ ለስኳር በሽታ፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም መንገድ እንደሚከፍት ማወቅ ይገባል።

፪፤ ምክንያቶቹ

ሀ) የእንቅልፍ ማነስ። የነርስ ተማሪ ቀን ትማራለች፤ ተራዋ ሲደርስም ሌሊት ሕመምተኛ ስትጠብቅ ታድራለች። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 12 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ሁለት ሌሊት በየሌሊቱ 4 ሰዓት ብቻ አስተኝተው ደማቸውን መረመሩ። መጥገብን ለአንጐል የሚያስታውቀው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን በ18 በመቶ ቀንሶ፣ ረኃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ደግሞ በ28 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ሰዎቹም ይልቁን ያማራቸው ጣፋጭ፣ ጨዋማና ዱቄትነት ያለው ምግብ ነበር። እንግዲህ እንቅልፍ ያጣችው ተማሪ ቦምቦሊኖና ብስኩት ቢያምራት ሆዳም ስለ ሆነች አይደለም፤ ሰውነቷ የሐሰት ረኃብ ስለሚነግራት ነው። ከዚህም በላይ ሰውነት የራሱ የቀንና የሌሊት ሰዓት ስላለው፣ በሌሊት የተበላ ምግብ የደም ስኳርን በቀን ከተበላው ይልቅ ከፍ ያደርጋል።

ለ) ስኳርና ዘይት። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው፤ አንድ ግራም ስኳርም 4 ካሎሪ ይሰጣል። በቀን 4 ብርጭቆ ሻይ ሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨምሮ የሚጠጣ ሰው 48 ግራም ስኳር ማለት 192 ካሎሪ ያገኛል። ይህ ሲደመር በ40 ቀን 7,680 ካሎሪ ይሆናል፤ በአንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ውስጥ ያለው ኃይልም ወደ 7,700 ካሎሪ ይጠጋል። እርግጥ ሰውነት ትርፉን ሁሉ አያከማችም፤ ሆኖም በየዕለቱ የሚተርፈው ጥቂት ነገር በዓመት ብዙ መሆኑን ሒሳቡ ያስረዳል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በቀን ከ25 ግራም፣ ማለት ከ6 የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ስኳር ቢወሰድ ይበልጥ እንደሚጠቅም አመልክቷል። ስለ ዘይትም እንዲሁ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ይሰጣል። በወጥና በጥብስ ውስጥ የሚገባውን የሚቈጥረው ግን የለም።

ሐ) የእንቅስቃሴ መለወጥ። ብዙ ሰው ነርስ ሁልጊዜ ስለምትቆም ልትወፍር አትችልም ብሎ ያስባል። ዳሩ ግን መቆም መራመድ አይደለም። ወላጆቿ ቤት ሳለች ውኃ የምትቀዳ፣ ወደ ትምህርት ቤትም በእግሯ የምትሄድ ልጅ፣ ወደ አዳሪ ቤት ከገባች በኋላ ብዙውን ሰዓት በመማሪያ ክፍልና በመጽሐፍ ላይ ተቀምጣ ታሳልፋለች። ምግቡ ሳይቀንስ እንቅስቃሴው ብቻ ከቀነሰ ትርፉ ስብ ይሆናል።

መ) ሐዘንና ጭንቀት። ይህ ከሁሉ ይልቅ የተዘነጋው ምክንያት ነው። በሃያ ዓመት ዕድሜዋ የሰው ነፍስ ሲወጣ ቆማ ያየች፣ በማግስቱም ለፈተና የምትቀመጥ ተማሪ መጽናኛ ትሻለች። የሚያጽናናት ሰው ባጣች ጊዜ ቅርብ የሆነው መጽናኛ ጣፋጭ ምግብ ነው። ስለዚህ ውፍረቷን አይተን ከመሳቃችን በፊት ምን እንደ ከበዳት ልንጠይቃት ይገባል።

፫፤ የማይጠቅሙ መንገዶች

መወፈሯን ያወቀች ተማሪ ብዙ ጊዜ ቶሎ ለመክሳት ትቸኩላለች። አንዳንዷ ምግብ ትተዋለች፤ አንዳንዷ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ትወስዳለች፤ አንዳንዷም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ የማክሻ ክኒን ትገዛለች።

ራስን ማስራብ የሚያመጣው ነገር የታወቀ ነው። በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባለው ሊቅ 36 ፈቃደኛ ወንዶችን 6 ወር ያህል ግማሽ ረኃብ ላይ አቆያቸው። ሰዎቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ፤ ነገር ግን ጉልበታቸው ደከመ፣ ጠባያቸው ተለወጠ፣ ሌት ተቀን የሚያስቡት ስለ ምግብ ብቻ ሆነ። ምግብ በተለቀቀላቸው ጊዜም ብዙዎቹ መጥገብ ተሳናቸው። እንዲህ ባለ ድካም ላይ ያለች ነርስ የመድኃኒት ልክ ብትሳሳት ጉዳቱ የሚደርሰው በእርስዋ ላይ ብቻ ሳይሆን በአልጋ ላይ በተኛው ሕመምተኛ ላይ ነው።

የሚያስቀምጥ መድኃኒትም ከሰውነት የሚያወጣው ውኃንና ጨውን ነው እንጂ ስብን አይደለም። ክኒኖቹን በሚመለከት፣ ፌንፍሉራሚን የተባለው የማክሻ መድኃኒት የልብ በሮችን ስለሚጐዳ በ1997 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል፤ ሲቡትራሚን የተባለውም የልብ ድካምና የአንጐል ደም መታወክ አደጋን ስለሚጨምር በ2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በአውሮፓ ተነሥቷል። ስለዚህ ማናቸውም የማክሻ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም።

ጾምም የሃይማኖት ሥርዓት ነው እንጂ የማክሻ ዘዴ አይደለም። እስከ ከሰዓት በኋላ ቆይቶ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ በብዛት የሚበላ ሰው ክብደቱ ባይቀንስ ሊደነቅ አይገባም።

፬፤ የሚጠቅመው ሥርዓት

ውፍረቱ የመጣው ከኑሮ ሥርዓት መዛባት ከሆነ፣ መመለሻውም የኑሮን ሥርዓት ማቃናት ነው። እነሆ፣ ማናቸውም ተማሪ ሊፈጽመው የሚችለውን ከዚህ በታች እንዘረዝራለን።

1. አስቀድሞ እንቅልፍ። ጐልማሳ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ 7 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ መተኛት ይገባዋል። ከሌሊት ተራ የተመለሰች ተማሪ መስኮቷን በጥቁር መጋረጃ ትጋርድ፤ ጓደኞቿም ጸጥታ ይጠብቁላት። ከተራዋ እኩሌታ በኋላ ቡናና ሻይ ባትጠጣ እንቅልፏ ይሰምርላታል። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ እኩል ምግብ እየበሉ ክብደት ከሚቀንሱት ሰዎች ጥቂት በሚተኙበት ጊዜ የሚቀንሱት ስብ አንሶ ጡንቻቸው ይበልጥ ይጠፋል።

2. የሌሊት ምግብ። ተራ ከመግባት በፊት ደኅና እራት ይበላ። እኩለ ሌሊት ላይ ሲርብ የተቀቀለ እንቍላል፣ ብርቱካን ወይም አንድ እፍኝ ቆሎ ከውኃ ጋር ይበቃል።

3. ስኳርን በደረጃ መቀነስ። በየሳምንቱ ከእያንዳንዱ ብርጭቆ ግማሽ ማንኪያ ቢቀነስ ምላስ ሳያስበው ይለምዳል። በለስላሳ መጠጥ ፈንታ ውኃ ይጠጣ።

4. የራስን ድርሻ ማወቅ። ከብዙ ሰው ጋር በአንድ ትሪ መብላት መልካም ልማድ ነው፤ ጉርሻም የፍቅር ምልክት ነው። ነገር ግን የተበላው ልክ አይታወቅበትም። ስለዚህ በተቻለ መጠን ድርሻን በራስ ሳህን ማንሣት ይሻላል። የሳህኑ እኩሌታ ጎመን፣ ካሮትና ሰላጣ፣ ሩቡ ምስር፣ ሽሮ፣ እንቍላል ወይም ሥጋ፣ ሩቡ እንጀራ ወይም ዳቦ ይሁን።

5. መራመድ። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ፣ ማለት በ5 ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ፈጠን ብሎ መሄድ ያስፈልጋል። ለዚህ ገንዘብም ልዩ ልብስም አይጠየቅም።

6. በሳምንት አንድ ቀን መመዘን። ጠዋት፣ ምግብ ሳይበላ፣ በአንድ ሚዛን ተመዝኖ በደብተር ይጻፍ። በየቀኑ መመዘን ላንዳንዱ ሰው ጭንቀትን ይጨምራል።

7. በሐዘን ጊዜ ከምግብ በፊት ሰው መፈለግ። ከባድ ቀን ያሳለፈች ተማሪ አስቀድማ ለጓደኛዋ ወይም ለአስተማሪዋ ትንገር።

በዚህ ሥርዓት የሚገኘው ውጤት ቀስ ያለ ነው፤ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ቢቀንስ በቂ ነው። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፣ የዘገየው ይጸናል። ጥቂቱም ቢሆን ዋጋው ትልቅ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በወጣው ታላቅ ጥናት፣ ለስኳር በሽታ የቀረቡ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ በተመከሩ ጊዜ በሽታው የሚይዛቸው ሰዎች ቍጥር በ58 በመቶ አነሰ። 66 ኪሎ ለምትመዝነው ተማሪያችን 7 በመቶ ማለት 4.6 ኪሎ ብቻ ነው።

ክብደቷ በድንገት የጨመረ፣ እግሯ ያበጠ፣ የወር አበባዋ የቀረ፣ ወይም የበላችውን ሆን ብላ የምታስመልስ ተማሪ ግን ይህን ሥርዓት ከመጀመሯ በፊት ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለባት። ልኳ ከ18.5 በታች የሆነም ልትቀንስ አይገባትም።

፭፤ የትምህርት ቤቶችና የመምህራን ድርሻ

ሸክሙን ሁሉ በተማሪዋ ጫንቃ ላይ መጣል ፍርድ ማጓደል ነው። የሌሊት ተራ ከቀን ትምህርት ጋር እንዳይጋጭ ማድረግ፣ ሻይን ያለ ስኳር አቅርቦ ስኳሩን ለየብቻ ማስቀመጥ፣ በምግብ ቤቱ አትክልት እንዳይጠፋ መጠበቅ፣ ለሌሊት ተረኞች ጸጥ ያለ መኝታ መለየት የትምህርት ቤቱ ሥራ ነው።

ደግሞም «ወፍራም ነርስ ስለ ጤና ምን ታስተምራለች?» የሚለው ፌዝ ከንቱ ነው። ውፍረት ዕውቀትን አይቀንስም፤ ፌዙ ግን ተማሪዋን ወደ ረኃብና ወደ ክኒን ይነዳታል። ነርስ በሥራ ዘመኗ ብዙ ሕመምተኞችን «ክብደትዎን ይቀንሱ» ብላ መምከሯ አይቀርም። በራሷ አካል ላይ ትዕግሥትን የተማረች እንደ ሆነች፣ ያንን ቃል ያለ ንቀት፣ ሊፈጸም በሚችል መንገድ ትናገረዋለች፤ ሕመምተኛውም ይሰማታል።

ለክፍል ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 78 ኪሎ የሆነ መምህር ልኩ ስንት ነው? ከየትኛውስ ወሰን ውስጥ ይገባል?
2. እንቅልፍ ማጣት ረኃብን የሚያበዛው ስለምንድን ነው?
3. በቤታችሁ በቀን የሚጠጣውን ሻይና የሚገባበትን ስኳር ቍጠሩ፤ በወር ስንት ግራም ይሆናል?
4. ራስን በማስራብ መክሳት በነርስና በሕመምተኛ ላይ ምን ጉዳት ያመጣል?