ማደሪያውን በጠረን የሚመርጥ ፍጥረት



እግዚአብሔር በአምስተኛው ቀን ከፈጠራቸው የባሕር ፍጥረታት አንዱ በካሪቢያን ባሕርና በፍሎሪዳ ዳርቻ የሚኖረው እሾኻም ሎብስተር ነው። ሎብስተር የሸርጣን ዘመድ ሲሆን ገላው በጠንካራ ቅርፊት የተሸፈነ ነው። ይህኛው ዓይነት ግን እንደ ሌሎቹ ትልልቅ መቆንጠጫ የለውም። ስለዚህ ቀን ቀን በድንጋይ ስንጥቅና በስፖንጅ ሥር ተሸሽጎ ይውላል፤ ሌሊት ምግቡን ፍለጋ ይወጣል።

ሎብስተሩ ገና ትንሽ ሳለ በባሕር አረም ውስጥ ብቻውን ይኖራል። የጀርባው ቅርፊት ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ግን አረሙ አይበቃውም፤ ወጥቶ ሌላ ማደሪያ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። በማያውቀው የባሕር ወለል ላይ ማን ይመራዋል ቢባል፣ ጠረን ነው። ሁለት ጥንድ አንቴናዎች አሉት፤ ረጅሞቹና እሾኻሞቹ ለመከላከያ፣ አጫጭሮቹ ለማሽተት ያገለግሉታል። ሎብስተሮች ሽንታቸውን የሚያወጡት ከራሳቸው፣ ከረጅሞቹ አንቴናዎች ሥር ነው። ይህም ጠረን በውኃው ተሸክሞ ሲመጣ፣ ፈላጊው ተከትሎት ወገኖቹ ወዳሉበት ዋሻ ይደርሳል። አብረው ሲሆኑም አንቴናቸውን ወደ ውጭ ቀስረው ጠላትን ይመክታሉ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ።

ነገር ግን የወገኑ ጠረን ሁሉ አይስበውም። በ2006 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳስረዳው፣ ጤነኞቹ ሎብስተሮች በገዳይ ቫይረስ ከተያዘ ሎብስተር ጋር ማደርን ይሸሻሉ። የሚያስደንቀው፣ የታመመው በሽታውን ወደ ሌላ ማስተላለፍ ከመጀመሩ በፊት መሸሻቸው ነው።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? እኛም ለትምህርት ወይም ለሥራ ከወላጆቻችን ቤት የምንወጣበት ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ የቤቱን ማማርና የኪራዩን መርከስ ብቻ ሳይሆን፣ በውስጡ የሚኖሩት በምን እንደሚውሉና በምን እንደሚያመሹ አስቀድመን እንይ። ልማድ ከያዘን በኋላ መውጣት ከባድ ነውና።

አንድ ነገር ላይ ግን ከሎብስተሩ እንለያለን። እርሱ ከታመመው ከመሸሽ በቀር ሌላ መድኃኒት የለውም። ጌታችን ግን ለምጻሙን በእጁ ዳስሶ ፈወሰ፤ የታመመውን መጠየቅም እርሱን ራሱን እንደ መጠየቅ ቆጠረው። ስለዚህ በመጠጥ ወይም በሌላ ሱስ የተያዘ ጓደኛ ቢኖረን፣ ከሱሱ እንራቅ እንጂ ከእርሱ አንራቅ። ብቻችንን የማንችለው ከሆነ ሁለት ሦስት ሆነን እንጠይቀው፤ ለንስሐ አባቱም እናማክርለት።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ምእመናንን በክርስቶስ መዓዛ መስሏቸዋል። መጠጊያ የሚፈልግ ወጣት በደጃችን ሲያልፍ፣ የእኛ ማኅበር መዓዛ ይስበው ይሆን ወይስ ያርቀው? እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።