ቃል የሌለው ዜማና የሰሚው ልብ

በአንድ የዐቢይ ጾም ሰንበት ከጥቂት ካቴኪስቶችና ምእመናን ጋር በቁምስና አዳራሽ ተሰብስበን ሳለ፣ ስምንት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ የቼሎ ዜማ ከማጫወቻ አሰማናቸው። ርእሱንም ሆነ የደራሲውን ስም አስቀድመን አልነገርናቸውም። ዜማው ሲያበቃ አንዲት እናት ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ይህን ያየ አንድ ወጣት መምህር፣ «እንዲህ ያለው ነገር ስሜትን ያነሣሣል እንጂ ጸሎት አይደለም» ሲል ተቃወመ። ከጎኑ የተቀመጠው ባልንጀራው ደግሞ ዕንባው ራሱ ጸሎት ነው ብሎ መለሰለት። በዚያች ሰዓት ለሁለቱም የሚበቃ መልስ አልነበረንም፤ ይህን ትምህርት እንድናዘጋጅ ያነሣሣንም ያ ክርክር ነው።

ውድ አንባብያን፣ ቼሎ ከቫዮሊን ቤተሰብ የሆነ፣ ባለ አራት አውታር ትልቅ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ተጫዋቹ ተቀምጦ በጉልበቶቹ መካከል ይይዘዋል፤ የመሣሪያው ጀርባም ደረቱን ይነካል። አይቶት ለማያውቅ ሰው ከማሲንቆ የተሻለ ምሳሌ አናገኝለትም። ሁለቱም የሚሰሙት የፈረስ ጭራ በተወጠረበት ደጋን አውታራቸው ሲታሸት ነው። በሁለቱም አንገት ላይ ጣት የሚያርፍበትን ስፍራ የሚወስን ምልክት ስለሌለ፣ ጣት ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ሊሄድ ይችላል፤ የሚያለቅስ ሰው ድምፅም የሚሄደው እንዲሁ ነው። ወፍራሙ የቼሎ አውታር በሰከንድ 65 ጊዜ ያህል፣ ቀጭኑ ደግሞ ጣት ሳያርፍበት 220 ጊዜ ይርገበገባል፤ ጣት ሲያርፍበትም ከዚያ እጅግ ከፍ ይላል። ስለዚህ መሣሪያው ከጎርናና የወንድ ድምፅ ተነሥቶ እስከ ሴት ድምፅ ድረስ ይደርሳል። ደጋኑ ጫፉ ላይ ደርሶ አቅጣጫውን ሲለውጥ የምትሰማው ትንሽ ለውጥም እንደ ትንፋሽ ናት። ሰሚው ቃል ባይሰማም የሚናገር ሰው የሰማ ይመስለዋል።

ይህ እንዲያው የጆሮ ስሕተት አይደለም። ጁስሊንና ላውካ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ሰፊ ጥናት እንዳሳዩት፣ ሰው ሲያዝን ንግግሩ ይዘገያል፣ ድምፁም ዝቅና ለስለስ ይላል፤ ሙዚቀኞችም ኀዘንን ሲገልጹ የሚጠቀሙት እነዚህኑ ምልክቶች ነው። እንግዲህ ቼሎ በዝግታና በዝቅታ ሲጫወት፣ ጆሮአችን ከሕፃንነቱ ጀምሮ የተማረውን የኀዘን ንግግር ያገኛል ማለት ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2001 በሞንትሪያል ከተማ ብለድና ዛቶሬ የተባሉ ሊቃውንት፣ ሙዚቃ ሲሰሙ ሰውነታቸውን የሚነዝራቸውን ሰዎች አንጎል መርምረው ነበር። ንዝረቱ በመጣ ጊዜ፣ ምግብ ስናገኝና ደስ ሲለን የሚሠሩት የአንጎል ክፍሎች ሲሠሩ ተመለከቱ። ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስደነቀን ግን የምርመራው አሠራር ነው። እያንዳንዱ ተሳታፊ ለራሱ የሚነዝረውን ዜማ መርጦ አመጣ፤ ለማነጻጸሪያም ሌላው የመረጠው ዜማ ተሰማለት። አንዱን የሚያንቀጠቅጠው ዜማ ሌላውን እንደዚያ አያንቀጠቅጠውም። ስለዚህ ኃይሉ በዜማው ውስጥ ብቻ የታሸገ አይደለም፤ ሰሚው ይዞት ከሚመጣው ነገር ጋር ሲገናኝ የሚወለድ ነው።

ለዚህ አንድ ምስክር እናምጣ። ፓብሎ ካሳልስ እ.ኤ.አ. በ1876 በካታሎንያ የተወለደ፣ አባቱ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች የነበረ ታላቅ የቼሎ ሰው ነው። በዐሥራ ሦስት ዓመቱ በባርሴሎና በአንድ ያገለገሉ የሙዚቃ መጻሕፍት መሸጫ ውስጥ ዮሐንስ ሰባስቲያን ባኽ ለቼሎ ብቻ የደረሳቸውን ስድስት ድርሰቶች አገኘ፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ካጠናቸው በኋላም በአደባባይ መጫወት ጀመረ። ከስፔን የርስ በርስ ጦርነት በኋላ በስደት ኖረ፤ ጉባኤዎቹንም «የአእዋፍ መዝሙር» በተባለው የካታሎንያ የሕዝብ ዜማ ይዘጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971፣ በ94 ዓመቱ፣ ይህንኑ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጉባኤ ፊት ተጫወተው። ብዙዎች የስደተኛ ልቅሶ አድርገው ይሰሙታል። ቃሉ ግን የልደት መዝሙር ነው፤ ወፎች የሕፃኑን መወለድ ሲያበሥሩ የሚዘመር! ቃሉ ወድቆ ዜማው ብቻውን በቼሎ ሲቀር፣ ደስታው ወደ ናፍቆት ተለወጠ።

አሁን ወደዚያ በአዳራሹ ወደ ሰማነው ዜማ እንመለስ። ደራሲው ፈረንሳዊው ካቶሊክ ኦሊቪዬ ሜስያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 በጀርመኖች ተማርኮ በገርሊትዝ ከተማ አጠገብ በነበረው የጦር እስረኞች ሰፈር ታሰረ። በዚያም አንድ ክላርኔት ተጫዋች፣ አንድ ቫዮሊን ተጫዋችና ኤትየን ፓስኪዬ የተባለ የቼሎ ተጫዋች አብረውት ነበሩ። የፓስኪዬ ቼሎ የተገዛው እስረኞች ባዋጡት ገንዘብ ነበር። (ቼሎው ሦስት አውታር ብቻ ነበረው የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ ፓስኪዬ ራሱ ግን አራቱም ነበሩ ብሏል። ሰው ተአምር ማስጨመር ይወዳል፤ ታሪኩ ግን ያለ ጭማሪ ይበቃል።) ከዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 10 የተነሣው «የዘመን ፍጻሜ አራትዮሽ» እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 1941 በብርድ፣ በአንድ የእንጨት ቤት ውስጥ፣ በእስረኞችና በጠባቂዎቻቸው ፊት ተሰማ። ስምንት ክፍሎች አሉት፤ በአምስተኛው ቼሎና ፒያኖ ብቻ ይሰማሉ። ደራሲው ርእሱን የኢየሱስን ዘላለማዊነት የሚያወድስ አድርጎታል፤ ቃል ስለሆነው ስለ ወልድ እንደሚናገርም ጽፏል። እጅግ በዝግታ እንዲጫወቱትም አዘዘ። ፒያኖው ቀስ ብሎ እየደጋገመ ይመታል፤ ቼሎው ከላዩ አንዱን ረጅም ዜማ ይዘረጋል። ለማለቅ የማይቸኩል፣ በመጨረሻም ወደ ላይ ወጥቶ የሚጠፋ ዜማ ነው።

ይሁንና ሊቃውንት የሚያውቁት፣ ብዙ ሰሚዎች ግን የማያውቁት ነገር አለ። ይህ ዜማ አስቀድሞ የተጻፈው ለእስር ቤት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1937 በፓሪስ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ፣ ለውኃ ፏፏቴና ለብርሃን ትርኢት ማጀቢያ፣ ለስድስት በኤሌክትሪክ ለሚሠሩ መሣሪያዎች የተደረሰ ነበር። ይህን የሰማ ሰው ተታለልኩ ሊል ይችላል። እኛ ግን እንዲህ አንልም። ሜስያን ዜማውን ወስዶ ስም ሰጠው፣ ከቃለ እግዚአብሔር ጋር አገናኘው፣ ከዚያም ለተራቡ ሰዎች አሰማው። ድምፁ ልብን ይከፍታል፤ በተከፈተው በር የሚገባውን ግን ራሱ አይመርጥም።

ቅዱስ አጎስጢኖስ ይህን ጭንቀት ከእኛ በፊት ያውቀው ነበር። በኑዛዜው ዘጠነኛ መጽሐፍ በሚላኖ ቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ሲሰማ እንዳለቀሰ ይናገራል። በዐሥረኛው መጽሐፍ ምዕራፍ 33 ግን ያንኑ ዕንባ ይመረምራል፤ ከሚዘመረው ቃል ይልቅ ዜማው ሲነካው እንደ በደል ይቈጥረዋል። ዜማን ከቤተ ክርስቲያን እስከ ማራቅ ቢያስብም፣ የደከመ ልብ በጆሮ ደስታ በኩል ወደ ትጋት ሊነሣ እንደሚችል በማሰብ የዝማሬውን ልማድ ወደ መቀበል ያዘነብላል። እርሱ የተጨነቀው ቃል ስላለው ዝማሬ ነበር፤ ቃል ለሌለው ቼሎ ጭንቀቱ ቢጨምር እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ ወጣቱ መምህር ያለ ምክንያት አልተናገረም፤ ባልንጀራው ግን ቸኩሏል እንላለን። ዕንባ የተነካ ልብ ምልክት ነው፤ ልቡ ወዴት እንደ ዞረ ግን ገና አልተነገረንም።

በዚያ ሰንበት ክርክሩ ሲበርድ፣ ወጣቱ ወደ እናታችን ዞሮ፣ «እማማ፣ ምን አስለቀሰዎት?» ሲል በአክብሮት ጠየቃቸው።

«ልጄ፣ ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ማታ ማታ ከሥራ ሲገባ እንዲህ ያንጎራጉር ነበር። ቃሉን ሰምቼው አላውቅም፤ ድምፁን ብቻ ነው የማውቀው» አሉት።

ያን ጊዜ የዜማውን ስምና የተሰማበትን ስፍራ ነገርናቸው፤ የዮሐንስ ወንጌልንም መጀመሪያ አነበብን። ወጣቱ መምህር ተነሥቶ መብራቱን ዝቅ አደረገና፣ ዜማው ከመጀመሪያው እንዲደገም ጠየቀ።