መብራቱ አረንጓዴ፣ መስመሩ ግን ቀርፋፋ፦ የስዊች ፖርቶችን ከብሮውዘር ማስተካከል

በዚህ እትም የቴክኖሎጂ ዓምዳችን የስዊች ፖርቶች እንዴት እንደሚስተካከሉ እንማራለን። ትምህርቱ የኮምፒውተርና የኤሌክትሪካል ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት የሚመስላችሁ እህትና ወንድሞች ገጹን አትለፉት። እኛ ነገሩን ያወቅነው ችግር ላይ ወድቀን ነው፤ ችግሩም በመውጫ ፈተና ዋዜማ ላይ የነበሩትን ልጆቻችንን የነካ ነበር።

ባለፈው ሴሚስተር ተመራቂዎች የሚለማመዱበት አንድ ክፍል አዘጋጅተን ነበር። 16 ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ተገኙ። ባለ 24 ፖርት ያገለገለ ስዊችም ከአንድ ቢሮ ተሰጠን። የልምምድ ጥያቄዎቹን በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ጭነን ሌሎቹ ከእሱ እንዲከፍቱ ስላደረግን ኢንተርኔት እንኳ አያስፈልግም ነበር። የፊተኛው ረድፍ ወዲያው ከፈተ። በኋለኛው ረድፍ ግን ጥያቄው ቢመጣ ሥዕሉ አይመጣም፤ ሥዕሉ እስኪመጣ ሰዓቱ ያልቃል። አንዲት እህት ሦስት ጊዜ ቦታ ቀይራ አልሆን ሲላት ደብተሯን ይዛ ወደ ላይብረሪ ሄደች። እኛም ኮምፒውተሮቹ አርጅተው ነው ብለን ሁለት ቀን ሙሉ ዊንዶውስ ስንጭን ከረምን። ኮምፒውተሮቹ ግን ምንም አልነበራቸውም። ጥፋቱ ስዊቹ ውስጥ፣ ማንም ባላየው አንድ ምርጫ ላይ ነበር።

አንዳንድ ስዊች ኬብል ሰክተውበት የሚረሱት ሳጥን ነው፤ የሚስተካከል ነገር የለውም። ሌላው ግን የራሱ አይፒ አድራሻ አለው፤ አድራሻውን ብሮውዘር ላይ ስትጽፉት የመግቢያ ገጽ ያወጣላችኋል። አድራሻው እንደ አምራቹ ይለያያል። የቲፒ-ሊንክ ባለ 8 ፖርቱ ቲኤል-ኤስጂ108ኢ ሌላ አድራሻ ካልተሰጠው 192.168.0.1 ላይ ይገኛል፤ የሲስኮ ኤስጂ300 ደግሞ 192.168.1.254 ላይ። ላፕቶፓችሁም የዚያው ሰፈር አድራሻ ያስፈልገዋል። ስዊቹ 192.168.0.1 ከሆነ ለላፕቶፓችሁ 192.168.0.10 ስጡት፤ ማስኩን 255.255.255.0 አድርጉት። ዋይፋዩን አጥፉ፤ አለበለዚያ ላፕቶፑ በሌላ በር ሊወጣ ይችላል። አድራሻውን ደግሞ ጎግል መፈለጊያው ውስጥ ሳይሆን ከላይ በአድራሻ መስመሩ ላይ ጻፉት። ይህን የምንለው ከመካከላችን አንዱ ግማሽ ሰዓት ጎግል ሲያደርገው ስለነበረ ነው። ስሙን አናነሳም።

የእኛ ስዊች የቀድሞ ባለቤቶች አድራሻውንና የይለፍ ቃሉን ጽፈው ከጎኑ ለጥፈውልን ነበር። ደስ ብሎን እንዳለ ተጠቀምንበት። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ በሪሴት ቁልፉ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው እንመልሰው ነበር፤ ችግሩም ያኔውኑ ይጠፋ ነበር። ያገለገለ ስዊች ከእነ አሮጌ ማስተካከያው እንደሚመጣ ልብ በሉ። ከገባችሁ በኋላም መጀመሪያ የይለፍ ቃሉን ቀይሩ።

አሁን ወደ ፖርቶቹ ገጽ እንግባ። ስሙ በአንዱ ስዊች ፖርት ሴቲንግ፣ በሌላው ፖርት ኮንፊገሬሽን ይሆናል። እያንዳንዱ መስመር አንድ ፖርት ነው፤ ፖርቱ ክፍት ይሁን ዝግ፣ ፍጥነቱና ዱፕሌክሱ ስንት እንደሆነ ይታያል። ፍጥነትና ዱፕሌክስ ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ ይጻፋሉ፦ አንዱ እናንተ ያዘዛችሁት፣ ሌላው አሁን በተግባር ያለው። ያዘዛችሁት ኦቶ፣ በተግባር ያለው 1000 ፉል ከሆነ ሰላም ነው። በእኛ ገጽ ላይ ከ1 እስከ 8 ያሉት ኦቶ ነበሩ፤ ከ9 እስከ 16 ያሉት ግን 100 ፉል ተብለው ተቆልፈዋል። የኋለኛው ረድፍ ኬብል ሁሉ የተሰካው እዚያ ነበር።

100 ሜጋቢት ለልምምድ ጥያቄ ያንሳል? አያንስም። ታዲያ ምን አንቀራፈፈው? እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የትምህርቱ ፍሬ ይህ ነው።

ፉል ዱፕሌክስ ማለት እንደ ስልክ ነው፤ ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ መናገርም መስማትም ይችላል። ሀፍ ዱፕሌክስ እንደ ፖሊስ መገናኛ ሬዲዮ ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይጠብቃል፤ እኩል ከተናገሩ መልእክቱ ይበላሻል፤ ከዚያ ዝም ብለው ጠብቀው እንደገና ይሞክራሉ። በ1995 የወጣው የፈጣን ኢተርኔት ደረጃ ሁለቱ ወገኖች ኬብሉ እንደተሰካ አቅማቸውን ተነጋግረው የጋራ የሆነውን ትልቁን እንዲመርጡ የሚያስችል ሥርዓት አበጀ። ኦቶ የምንለው ይህን ንግግር ነው።

አንዱን ወገን 100 ፉል ብላችሁ ስትቆልፉት ብዙውን ጊዜ ንግግሩን ያቆማል። በኦቶ ያለው ኮምፒውተር ይጠይቃል፤ መልስ የለም። ከሲግናሉ ፍጥነቱ 100 መሆኑን ያውቃል፤ ዱፕሌክሱን ግን ከሲግናሉ ማወቅ አይችልም። ስለዚህ ደረጃው እንደሚያዘው ሀፍ ዱፕሌክስ ነው ብሎ ይይዛል። ስዊቹ ስልክ የያዘ ይመስለዋል፤ ኮምፒውተሩ ሬዲዮ። ስዊቹ ሳይጠብቅ ይልካል፤ ኮምፒውተሩ እየላከ ሳለ ሲመጣበት ግጭት ነው ብሎ የጀመረውን ያቋርጣል። ስዊቹ ጋ የሚደርሰው የተቆረጠ ፍሬም ነው፤ ይጥለዋል። መብራቱ ግን አረንጓዴ ነው። ፒንግ ብታደርጉ አብዛኛው ይመለሳል፤ ትንሽ ስለሆነ ያልፋል። ሥዕል ያለው ጥያቄ ሲከፈት ግን ሁለቱም ወገን አብዝቶ ስለሚልክ ግጭቱ ይበዛል።

ምርመራው ቀላል ነው። ስታቲስቲክስ የሚለውን ገጽ ክፈቱና የተጠረጠረውን ፖርት የስህተት ቁጥር ተመልከቱ። ትልቅ ፋይል እያስተላለፋችሁ ገጹን አድሱት። ቁጥሩ እያደገ ከሄደ፣ የስዊቹ ወገንም ተቆልፎ ከሆነ፣ አገኛችሁት ማለት ነው። እኛ ስምንቱንም ፖርቶች ወደ ኦቶ መልሰን አፕላይ አልን፤ ከዐስር ሶላት በፊት የጀመርነው ሥራ ከመግሪብ በፊት አለቀ። አልሐምዱሊላህ። በመዳብ ኬብል በ1000 ለመሥራት ንግግሩ የግድ ስለሆነ ኦቶን ማጥፋት እዚያ አያዋጣም። የሌላው ወገን መሣሪያ አሮጌ ሆኖ መቆለፍ የግድ ከሆነባችሁ ግን ሁለቱንም ጫፍ እኩል ቆልፉ። አንዱን ብቻ የነካ ሰው ሥራውን ግማሽ ላይ ነው የተወው።

ከስምንቱ ሰባቱ 1000 አሳዩ፤ 13ኛው 100 ላይ ቀረ። እንዲህ ያለው ነገር ከገጹ ላይ አይስተካከልም። የኬብሉ ጫፍ ሲታይ ቡናማው ጥንድ ሽቦ ከማገናኛው አልደረሰም። 100 በሁለት ጥንድ ይሠራል፤ 1000 አራቱንም ይፈልጋል። ጫፉን ቆርጠን እንደገና ስንሠራው ተስተካከለ።

አንድ ጥፋታችንንም እንንገራችሁ። በበነጋታው ጥያቄዎቹ ያሉበትን ኮምፒውተርና ተማሪዎቹን ለብቻ እናድርግ ብለን ወደ ቪላን ገጽ ገባን። ፖርቶቹን ወደ ቪላን 20 ስናዛውር የራሳችን ላፕቶፕ የተሰካበትንም አብረን ምልክት አደረግንበት። አፕላይ ስንል ገጹ ቀረ። ስዊቹ የሚገኘው ቪላን 1 ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ 20 ላይ ሆነናል። ቤቱን ከውጭ ቆልፎ ቁልፉን ውስጥ እንደረሳ ሰው ተያየን። ያዳነን ያልተነካ ሌላ ፖርት መኖሩ ነው፤ ኬብሉን ወደ 24ኛው አዛውረን ተመለስን። ስለዚህ ምንም ከመንካታችሁ በፊት የራሳችሁ ፖርት ስንተኛው እንደሆነ እወቁ። ኬብላችሁን ነቅላችሁ የትኛው መብራት እንደጠፋ ማየት ይበቃል። ያንን ፖርት በመጨረሻ ንኩት፤ አንድ ፖርትም ሳትነኩ አስቀሩ።

በብዙ ስዊች ላይ አፕላይ ማለት ለአሁኑ ብቻ ነው። ሴቭ የሚለውን ለብቻው ካልተጫናችሁት መብራት ሲሄድ ልፋታችሁም አብሮ ይሄዳል። በእኛ ግቢ መብራት ስንት ጊዜ እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። እኛ በዚያው ሳምንት ሐሙስ ማታ ሄደብንና ዓርብ ጠዋት ከ9 እስከ 16 ያሉት እንደገና 100 ፉል ሆነው አገኘናቸው። ሴቭ ካላችሁ በኋላ ባክአፕ የሚለውን ተጭናችሁ የማስተካከያውን ፋይል ፍላሽ ላይ አስቀምጡ።

ፖርቶቹ ገጽ ላይ የስም ቦታ ካለ ደግሞ ሙሉት። የእኛ ስዊች የግዕዝ ፊደል ስለማይቀበል በላቲን ፊደል ጻፍንባቸው። 13ኛው ፖርት አሁን ስሙ «የኋላ ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል» ነው፤ ያቺ እህትም እዚያው ተቀምጣ ትለማመዳለች።