የቡና መፈልፈያ ሞተር አልነሣ ሲል ችግሩን በስልክ የመፈለጊያ ዘዴ
ለግብርና ልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

በካፋ ዞን ቀይ እሸት ቡና በብዛት የሚለቀመው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። የመፈልፈያ ጣቢያው ሞተርም የሚሠራው በእነዚሁ ጥቂት ወራት ሲሆን፣ ቀሪውን ጊዜ ቆሞ ይከርማል። አገሩ ዝናብና እርጥበት የሚበዛበት በመሆኑ ቆሞ የከረመ ሞተር ናፍጣው ውኃ ይቋጥራል፣ ባትሪው ይደክማል፣ ሽቦውን አይጥ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ሞተሩ አልነሣ የሚለው ብዙውን ጊዜ እሸቱ ጣቢያው በር ላይ በደረሰበት ቀን ነው።

መካኒኩ ግን ያለው ቦንጋ ከተማ ወይም ከዚያ 110 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በጅማ ነው። በጌሻ፣ በሳይለም ወይም በዴቻ ላለ ማኅበር ባለሙያ በዚያው ቀን ላይደርስለት ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የልማት ሠራተኛውና ሞተሪስቱ በስልክ ከመካኒክ ጋር ተጋግዘው ችግሩን በሥርዓት እንዲፈልጉ መርዳት ነው።

2. ጊዜው ለምን ይጣደፋል?

የተለቀመ እሸት በዚያው ዕለት መፈልፈል አለበት። በጆንያ ታጭቆ ወይም ተከምሮ ካደረ ይግላል፣ ከነልጣጩ መብላላት ይጀምራል፣ ፍሬውም የኮመጠጠ ጣዕም ይይዛል። ይህ ጉድለት በኋላ በማጠብም ሆነ በማድረቅ አይታረምም። 6 ኪሎ ያህል እሸት 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ይሰጣል ብለን ብናሰላ፣ 30 ኩንታል እሸት ሲበላሽ የሚጠፋው 5 ኩንታል ንጹሕ ቡና ነው። ይህም የብዙ አባላት የቀን ድካም ነው።

ስለሆነም ፍለጋው ሲጀመር ሰዓት ይያዝ። በ2 ሰዓት ውስጥ ሞተሩ ካልተነሣ እሸቱ ወደ ጎረቤት ጣቢያ ይላክ። ይህ ካልተቻለ በአልጋ ላይ በስሱ ተሰጥቶ እየተገላበጠ በጀንፈልነት ይድረቅ። የታጠበ ቡና ዋጋ ይቀራል፤ ቡናው ግን ይተርፋል። ውሳኔው እስኪሰጥ ድረስም እሸቱ ከጆንያ ወጥቶ በጥላ ሥር ይዘርጋ።

3. ከመደወል በፊት የሚደረግ ዝግጅት

ሀ. በሞተሩ የስም ሰሌዳ ላይ ያለው ሁሉ ይጻፍ፦ የፋብሪካው ስም፣ ዓይነቱ፣ የፈረስ ጉልበቱ ወይም ኪሎ ዋቱ፣ የኤሌክትሪክ ከሆነ ቮልቱና አምፔሩ።

ለ. መጨረሻ የሠራው መቼ እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደተነካ ወይም እንደተለወጠ ሞተሪስቱ ይጠየቅ።

ሐ. የታየው፣ የተሰማውና የሸተተው እንዳለ ይነገር። «ተበላሽቷል» ማለት ለመካኒኩ ምንም አይነግረውም። «ሞተሪኖው ጠቅ ይላል፣ ሞተሩ ግን አይዞርም» ማለት ግን ግማሹን መንገድ ያሳጥርለታል።

መ. ሞተሪስቱ በካፊኖኖ የሚናገር ከሆነ የልማት ሠራተኛው ቃሉን ሳይቀንስና ሳይጨምር ያስተላልፍ። የራሱን ግምት ለብቻው ይናገር።

ሠ. በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይሞከር፤ ውጤቱም ተጽፎ ወደሚቀጥለው ይታለፍ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከተነካ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም።

4. ሞተሩ ነው ወይስ መፈልፈያው?

የመጀመሪያው ሥራ ሁለቱን መለየት ነው። የናፍጣ ሞተር ከሆነ ማስነሻው፣ የኤሌክትሪክ ከሆነ ዋናው ማብሪያ ይዘጋ፤ ሌላ ሰው እንዳይከፍተውም አንድ ሰው ይቁምበት። ከዚያ ቺንጋው ይውለቅና የመፈልፈያው ፑሌጃ በእጅ ይዙር። አልዞር ካለ ጥፋቱ ከሞተሩ ላይሆን ይችላል። ባለፈው ዓመት ሳይታጠብ የቀረ ልጣጭ ደርቆ ይዞት ወይም ጠጠር ገብቶበት ይሆናል። በቀላሉ ከዞረ ግን ፍለጋው ወደ ሞተሩ ይሂድ።

5. የናፍጣ ሞተር

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ናፍጣው የሚቀጣጠለው አየሩ በሲሊንደሩ ውስጥ በኃይል ታምቆ ሲግል ነው። ስለዚህ ለመነሣት አራት ነገሮች ያስፈልጉታል፦ ፈጥኖ መዞር፣ ናፍጣ፣ አየርና በቂ እመቃ። ፍለጋውም እነዚህን በተራ መጠየቅ ነው።

ሀ. ይዞራል? በባትሪ የሚነሣ ሆኖ የማይዞር ወይም እያቃሰተ የሚዞር ከሆነ፣ የባትሪው ጫፎች ተፈትተው ይጠረጉና ይጥበቁ። ሙሉ ባለ 12 ቮልት ባትሪ በዕረፍት ላይ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተሪኖው ሲሠራ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ሞተሪኖው በአንድ ጊዜ ከ10 ሴኮንድ በላይ አይዙር፤ በየመሐሉም ሁለት ደቂቃ ይረፍ። በማኖቬላ የሚነሣ ከሆነ የእመቃ መልቀቂያው ማንሻ መነሣቱ ይታይ።

ማስጠንቀቂያ፦ የጭስ መውጫው ወደ ላይ ያፈጠጠና ክዳን የሌለው ከሆነ፣ በክረምት ዝናብ ገብቶ በሲሊንደሩ ውስጥ ሊተኛ ይችላል። ውኃ አይታመቅም። እንዲህ ያለ ሞተር ቆሞ ከርሞ ጨርሶ አልዞርም ካለ በኃይል አይሞከር፤ የፒስተኑ ዘንግ ሊጣመም ይችላልና። ውኃውን ማስወጣት የመካኒክ ሥራ ነው።

ለ. እየዞረ ጭስ ያወጣል? ይህ ጥያቄ በስልክ ከሚጠየቁት ሁሉ ይበልጣል። ጭስ ጨርሶ ከሌለ ናፍጣ አልደረሰም። ነጭ ጭስ ካለ ናፍጣው ደርሷል፣ ግን አልነደደም፤ ምክንያቱም ብርድ፣ የደከመ እመቃ ወይም ውኃ የገባበት ናፍጣ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ጭስ ካለ አየር አንሶታል ወይም ጭነት በዝቶበታል።

ሐ. ናፍጣ ካልደረሰ፦ ጋኑ፣ የጋኑ ቧንቧና የማቆሚያው ማንሻ ይታዩ። ማንሻው «ቁም» ላይ ተረስቶ ብዙ ሰው ደክሟል። ከፊልትሮው ሥር ጥቂት ናፍጣ በብርጭቆ ይቀዳ፤ ውኃ ካለ ከታች ይተኛል። ከዚያ አየር ይውጣ፦ በመጀመሪያ የፊልትሮው፣ ቀጥሎ የፖምፓው የአየር መልቀቂያ ቡሎን ይላላና አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪፈስ በእጅ ይገፋ። በመጨረሻ ወደ ኢንጀክተሩ የሚሄደው ቱቦ ዳዶ ትንሽ ላልቶ ሞተሩ ይዙር። በዚህ ጊዜ እጅና ፊት ይራቅ፤ በኃይል የሚረጭ ናፍጣ ቆዳን በስቶ ይገባል።

መ. አየርና እመቃ፦ የአየር ፊልትሮው ወጥቶ ይራገፍ፣ በቱቦው ውስጥም የነፍሳት ቤት እንዳለ ይታይ። በማኖቬላ ቀስ ተብሎ ሲዞር በአንድ ቦታ ላይ እንደ ሞላ የፈረስ እጅ ጠንክሮ የሚመልስ ከሆነ እመቃ አለው። በሁሉም ቦታ ልል ከሆነ ቫልቩ ወይም ፋሻው ተጎድቷል፤ ይህ በስልክ አይጠገንም። በአየር መግቢያው ቤንዚን ማፍሰስ ወይም እሳት ማስጠጋት ክልክል ነው።

6. የኤሌክትሪክ ሞተር

ሀ. ምንም ድምፅ ከሌለ፦ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ተጭኖ መቅረቱ፣ ብሬከሩ መውደቁና በሙቀት የሚዘጋው መከላከያ መዘጋቱ ይታይ። መከላከያው ከዘጋ እስኪበርድ ተጠብቆ አንድ ጊዜ ይመለስ። እንደገና ከዘጋ አይደገም፤ ምክንያት አለው።

ለ. እያጉረመረመ ካልዞረ፦ ወዲያውኑ ይጥፋ። ከሦስቱ መስመሮች አንዱ ጠፍቶ ወይም መፈልፈያው ተይዞ ይሆናል። እንዲህ ሆኖ ከቆየ ሽቦው በአጭር ጊዜ ይቃጠላል።

ሐ. ጉልበት ካነሰው፦ ጣቢያው ከትራንስፎርመር ሲርቅ ቮልቱ ይወርዳል። የሞተር የመነሻ ጉልበት ከቮልቱ በላይ ፈጥኖ ይቀንሳል፤ ቮልቱ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ ጉልበቱ 64 በመቶ ገደማ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ በሁለት መስመሮች መካከል 380 ቮልት ገደማ መኖሩ ሞተሩ በሚነሣበት ቅጽበት ጭምር ይለካ። ሞተሩ ያለ ቺንጋ ይነሣ፣ መፈልፈያውም እሸት ሳይገባበት ባዶውን ይጀምር።

መ. ወደ ኋላ ከዞረ፦ በመስመር ጥገና ጊዜ ሁለት ሽቦዎች ተለዋውጠዋል። ሳጥን ከፍቶ መለካትም ሆነ ማስተካከል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራ ነው።

7. የስልክ ጥያቄ ምሳሌ

መካኒክ፦ ሲዞር ጭስ አለው?
የልማት ሠራተኛ፦ የለውም ጌታዬ። ቺንጋው ወልቋል፣ ሞተሩም ፈጥኖ ይዞራል።
መካኒክ፦ እንግዲያው ባትሪውን ተወው፣ ወንድሜ። የማቆሚያው ማንሻ የት ላይ ነው?
የልማት ሠራተኛ፦ «ሥራ» ላይ ነው። ከፊልትሮው የቀዳነው ናፍጣ ግን ከሥሩ ውኃ አለው።
መካኒክ፦ ንጹሕ እስኪመጣ አፍስሱት። ከዚያ አየሩን እናወጣለን።

በአራት መልስ ባትሪ፣ መፈልፈያና ማንሻ ከፍለጋው ወጡ። የዘዴው ጥቅም ይኸው ነው።

8. ማጠቃለያ

ከሁሉ የሚሻለው ስልኩን አለማስፈለግ ነው። በወቅቱ መጨረሻ መፈልፈያው ታጥቦ ይድረቅ፣ ቺንጋው ይላላ፣ ውኃ እንዳይቋጥር የናፍጣ ጋኑ ይሞላ፣ የጭስ መውጫው ይከደን፣ የባትሪው ገመድ ይፈታ። በወር አንድ ቀን ክዳኑ ተነሥቶ ሞተሩ ለ20 ደቂቃ ይሥራ። በነሐሴ መጀመሪያም የማኅበሩ ኮሚቴ ባለበት ሞተሩ ተነሥቶ ይፈተን። በነሐሴ የተገኘ ብልሽት መለዋወጫ ከጅማ ወይም ከአዲስ አበባ ለማስመጣት ጊዜ ይሰጣል፤ በጥቅምት የተገኘ ግን እሸት ተቆልሎ እያለ ነው።