ስለ አረንጓዴው ደንጊያና ስለ መዳብ

ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርት ቤቷ በጎጃም ሁሉ የታወቀች አገር ናት። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ገልጦ ወርቁን ያወጣል። ይህም ስም የተወሰደው ከአንጥረኛ ቤት ነው፤ አንጥረኛው ጌጡን አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፥ በጭቃም ይመርገዋል፤ በእሳት ሲያገባው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፥ በባዶውም ስፍራ ወርቁን ያፈስሳል።

በደንጊያም ዘንድ እንዲህ ያለ ምሥጢር አለ። ማላካይት የሚባለው አረንጓዴ ደንጊያ ሲያዩት ጌጥ እንጂ ሌላ አይመስልም። ነገር ግን መዳብ ከውሃና ሰው ተንፍሶ ከሚያወጣው አየር ጋራ ተዋሕዶ በውስጡ ተሰውሯል። ንጹሑ ደንጊያ ከ100 እጅ 57 ያህሉ መዳብ ነው። ከዚህ አየር ጋራ የተዋሐዱ ደንጊያዎች ካርቦኔት ይባላሉ። በዓባይ ሸለቆ የሚገኘው የኖራ ደንጊያም የዚሁ ወገን ነው፤ ከእርሱ መዳብ የሚፈልግ ግን በከንቱ ይደክማል።

ማላካይት በእሳት ሲሞቅ ውሃውና አየሩ ይለዩታል፤ አረንጓዴነቱም ጠፍቶ ይጠቁራል። ያላወቀ ሰው ይህን አይቶ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። ዐዋቂ ግን ከእንጨት ከሰል ጋራ በምድጃ ጨምሮ በወናፍ ያናፋዋል። ከሰሉም በጥቁሩ ነገር ያለውን ኦክሲጅን ይወስድለታል፤ ሙቀቱ 1085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ቀዩ መዳብ ቀልጦ ይወርዳል። በኮንጎ የካታንጋ ሰዎች የአውሮፓ ገዥዎች ሳይመጡባቸው ከዚህ ደንጊያ መዳብ እያወጡ በመስቀል አምሳል ያፈስሱት ነበር፤ እርሱም ለመገበያያ ሆነላቸው።

መዳብም የቀድሞ ወገኑን አይረሳም። እርጥበት ባለበት ዕቃ ቤት ብዙ ዘመን የተቀመጠ የመዳብ ወይም የነሐስ ዕቃ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። መዳቡ ከአየሩና ከእርጥበቱ ጋራ እንደ ገና ተዋሕዶ ወደ ደንጊያነቱ መመለሱ ነው። ውስጡ ቆርቆሮ ባልተቀባ የመዳብ ድስት ኮምጣጣ ምግብ ማኖርም መርዝ ያመጣልና አይገባም።

ደንጊያን በእሳት የሚፈታ፥ ብረትንም የሚቀጠቅጥ ሰው ግን በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን ቡዳ እየተባለ ተሰድቧል፤ ልጁን የሚያገባም ጥቂት ነበር። የሚሰድበው ሰው እርሱ በሠራው ማረሻ ያርሳል፥ እርሱ ባፈሰሰው መስቀል ይባረካል። ዳግማዊ ምኒልክ ይህን አይተው በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን ማንም እንዳይሰድብ በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ከተነገረ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን በአንዳንድ ስፍራ እስከ ዛሬ አልቀረም።